ቁጥሩና ልጁ፦ የታዳጊ አትሌቶች የአካል ብቃት ምዘና ለሥልጠና መመሪያነቱ ሲገመገም

መግቢያ

እንደሚታወቀው የአካል ብቃት ምዘና በታዳጊ አትሌቶች ምልመላና ሥልጠና ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። ቀደም ሲል በአሠልጣኙ ዓይንና ልምድ ብቻ ይወሰን የነበረው ጉዳይ በሰዓት፣ በሜትርና በሚዛን መደገፉ መልካም እርምጃ መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ይሁን እንጂ መለካት አንድ ነገር ሲሆን፣ የለኩትን በትክክል ተርጉሞ ልጁን በሚጠቅም መንገድ ሥራ ላይ ማዋል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአካል ብቃት ምዘና ለታዳጊዎች ሥልጠና መመሪያ ሊሆን የሚችለው በምን ሁኔታ እንደሆነ መመርመር፣ የሚታየውን የተሳሳተ አጠቃቀም መተቸትና የጤና ባለሙያው ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው አንድ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የታዳጊዎች ምልመላ ላይ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ተጋብዞ ነበር። ዕድሜያቸው 14 እና 15 ዓመት ተብሎ የተመዘገበ ልጆች ለ12 ደቂቃ ሮጡ፤ የሸፈኑት ርቀት ተመዘገበ፤ ከሰዓት በኋላም ስማቸውና ውጤታቸው በቅደም ተከተል ተጽፎ በግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዝርዝሩ ግርጌ ከነበሩት መካከል አንድ ቀጭን፣ ቁመቱ ከጓደኞቹ ትከሻ የማያልፍ ልጅ ወደ ምርመራው ክፍል ተመልሶ መጣና፣ «ዶክተር፣ ሳንባዬ ታሞ ይሆን እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ሳንባው ጤነኛ ነበር፤ ልቡም እንዲሁ። በምርመራው ላይ ከእኩዮቹ የተለየበት ነገር ቢኖር ጉርምስናው ገና አለመጀመሩ ብቻ ነበር። ይህን ግን ከመዛኞቹ መካከል የጠየቀ አልነበረም፤ የጤና ምርመራ ቅጹም ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ቅጹን ሞልቶ የፈረመው ይኸው ጸሐፊ በመሆኑ ትችቱ በቅድሚያ የሚመለከተው ራሱን ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲቀመጥ የሚከተለው ነው። ምዘና ጥያቄ ነው፤ መልሱም መታየት ያለበት ልጁ በሚቀጥሉት ሳምንታት በሚሠራው ሥልጠና ላይ ነው። የነገውን ሥልጠና የማይለውጥና ልጁን ከማሳለፍ ወይም ከመጣል ያለፈ አገልግሎት የሌለው ምዘና ፍርድ እንጂ መመሪያ አይባልም።

የምዘናዎቹ አመጣጥ

በስፖርት ትምህርት ክፍሎችና በሥልጠና ሜዳዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቁት ሁለቱ የብርታት ምዘናዎች የ12 ደቂቃ ሩጫና የ20 ሜትር ደርሶ መልስ ሩጫ ናቸው። ሁለቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ለመመዘን ያስችላሉ። ሆኖም የተፈለሰፉበትን ዓላማና የተሞከሩባቸውን ሰዎች ማወቅ ውጤታቸውን ለመተርጐም የግድ አስፈላጊ ነው።

የ12 ደቂቃውን ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር ናቸው። ከሩጫው ርቀት ተነሥቶ የሰውነትን ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም ለመገመት የሚያገለግለው ስሌት የተገኘው ከ115 የአሜሪካ አየር ኃይል ወንድ ባልደረቦች ሲሆን፣ ዕድሜያቸውም ከ17 እስከ 52 ዓመት ነበር። በመካከላቸው የ13 ዓመት ልጅ አልነበረም፤ ሴትም አልነበረችም። በተጨማሪም ሩጫው ተመዛኙ ጉልበቱን ለ12 ደቂቃ አብቃቅቶ የመሮጥ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት የሚሮጥ የገጠር ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያለውን ሁሉ አውጥቶ በአምስተኛው ደቂቃ ቢደክም የተለካው ልምዱ እንጂ ብርታቱ አይደለም።

የ20 ሜትር ደርሶ መልስ ሩጫ በካናዳ በሉክ ሌዤና በባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የቀረበ ሲሆን፣ በ1988 ደግሞ ለልጆች እንዲስማማ ሆኖ ተሻሽሏል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጨምር በመሆኑ ልጁ ጉልበቱን በራሱ ማብቃቃት አይጠበቅበትም፤ ድምፁን መከተል ብቻ ይበቃዋል። በዚህ ረገድ ለታዳጊዎች ከ12 ደቂቃው ሩጫ ይልቅ ይስማማል። ይሁንና ውጤቱ ወደ ኦክስጅን አጠቃቀም ሲመነዘር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አዘጋጆቹ ራሳቸው አልደበቁም። በልጆች ላይ የግምቱ ስህተት በኪሎ ግራም በደቂቃ 5.9 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ነው። ይህ ቁጥር በኋላ ተመልሰን የምንነጋገርበት ስለሆነ አንባቢው እንዲያስታውሰው ይጠየቃል።

በእነዚህ ላይ የቦታ ከፍታ ሲታከል ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በብርታት ስፖርተኞች ላይ በተደረገ ልኬት ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም በ6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው በቆጂ የመጣ ልጅና 500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጋምቤላ የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በተገናኙ ማግሥት ጎን ለጎን ቢመዘኑ፣ ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ ሮጡ እንጂ አንድ ዓይነት ፈተና ተፈተኑ ማለት አይቻልም።

ዕድሜ፣ ዕድገትና ብቃት

ከሁሉ የከፋው ስህተት የልጅን ብቃት ከዕድገቱ ለይቶ ማንበብ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ወቅት በሴቶች በአማካይ በ12 ዓመት፣ በወንዶች ደግሞ በ14 ዓመት ገደማ ነው። አማካዩ ይህ ይሁን እንጂ በልጆች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ በልደት ቀን እኩያ የሆኑ ሁለት የ14 ዓመት ወንዶች በሰውነት ብስለት የ4 ዓመትና ከዚያም በላይ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንደኛው ድምፁ የጎረነነ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጡንቻው የዳበረ ሲሆን ሌላኛው ገና ሕፃን ነው። በፍጥነት፣ በዝላይና በጉልበት ምዘና የመጀመሪያው መብለጡ የሚያስገርም አይደለም። የምናውቀው ቀድሞ መጎርመሱን እንጂ የተሻለ አትሌት መሆኑን አይደለም።

በአገራችን ይህ ችግር በሁለት ምክንያቶች ይብሳል። አንደኛው የምግብ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በልጅነቱ የተጎዳ ሰውነት ጉርምስናውን ዘግይቶ መጀመሩ የታወቀ ነው። ስለሆነም ዝርዝሩን በአንድ ቀን ውጤት ብቻ ከላይ ወደታች የምንቆርጥ ከሆነ ምልመላው ሳይታወቀው የተሻለ የተመገበውን ከድኃው ልጅ አስቀድሞ ይመርጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የዕድሜ ማስረጃ ጉድለት ነው። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ ከዚያ በፊት ከተወለዱት መካከል በተወለዱ ጊዜ የተመዘገቡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የልደት ቀን በግምት በሚነገርበት ሁኔታ ደግሞ ዕድሜን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ቀላልና አትራፊ ይሆናል። የዚህ ዳፋ የሚያርፈው ዕድሜውን በሐቅ በተናገረው ልጅ ላይ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ብዙውን ጊዜ ወደ ጤና ባለሙያው የሚመጣው ጥያቄ «የአጥንት ዕድሜውን በራጅ ንገሩን» የሚል ነው። ጥያቄውን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። በሰፊው የሚሠራበት የግሮይሊክና የፓይል የእጅ አጥንት አትላስ ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ ሲሆን፣ የተዘጋጀው በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከሚኖሩ የተሻለ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ነው። አትላሱ የአጥንትን ብስለት ያሳያል፤ የልደትን ቀን ግን አያሳይም። በምግብ እጥረት አጥንቱ የዘገየ የ16 ዓመት ልጅ 14 ሊመስል፣ ቀድሞ የበሰለ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ በሐሰት ሊወነጀል ይችላል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በማግኔት ምስል ማየት የጀመረው አንድም ጤነኛ ልጅን ለጨረር ላለማጋለጥ ነው። ለሥልጠና ዓላማ ሲባል ብቻ ጤነኛ ልጆችን ተራ በተራ ራጅ ማንሣት በጸሐፊው አስተያየት ተገቢ አይደለም።

ጨረር የሌለበት ሌላው አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚርዋልድና በባልደረቦቻቸው የቀረበው ስሌት ነው። ቁመትን፣ የመቀመጫ ቁመትን፣ የእግር ርዝመትን፣ ክብደትንና ዕድሜን በማቀናጀት ልጁ ከፈጣን ዕድገቱ ወቅት ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል። ነገር ግን ስሌቱ ትክክለኛ ዕድሜን ይፈልጋል፤ የእኛ ችግር ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ነው። የተዘጋጀውም በካናዳ ልጆች ላይ ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በጣም ቀድመው ወይም በጣም ዘግይተው በሚያድጉ ልጆች ላይ ግምቱ ወደ አማካዩ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ስለዚህ ይበልጥ ልንጠነቀቅላቸው በሚገቡ ልጆች ላይ ይበልጥ ይሳሳታል ማለት ነው።

የተሻለው መንገድ ቀላሉ ነው፤ ቁመትን በየ3 ወሩ መለካት። የልደት ቀን ባይታወቅም፣ ስሌት ባይኖርም፣ በተከታታይ የተለካ ቁመት ልጁ በፍጥነት እያደገ ስለመሆኑ በቀጥታ ይናገራል። ይህ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኝ መሣሪያና የአንድ ነርስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመለኪያው ስህተትና የሥልጠናው ፍሬ

ምዘና በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ተደርጎ በመካከሉ የታየው ለውጥ «የሥልጠናው ውጤት» ተብሎ በሪፖርት ሲቀርብ ማየት የተለመደ ነው። ይህ አባባል ሁለት ጉድለት አለበት።

አንደኛው ጉድለት ዕድገትን ከሥልጠና አለመለየቱ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ምንም የተለየ ሥልጠና ሳያገኝ በጉርምስናው ዓመታት የልቡ መጠን፣ የሳንባው ስፋትና የጡንቻው ብዛት ስለሚጨምር በጠቅላላው የሚጠቀምበት ኦክስጅን በእጅጉ ያድጋል። ሳይሠለጥን ይሻሻል የነበረ ልጅ ሠልጥኖ ቢሻሻል ምስጋናው ለማን እንደሚሆን ለማወቅ ያልሠለጠኑ እኩዮቹን አብሮ መመልከት ይጠይቃል።

ሁለተኛው የመለኪያው ስህተት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰውን 12 በመቶ እዚህ ላይ እናስታውስ። በልጆች ላይ የተደረጉ የብርታት ሥልጠና ጥናቶች ሲጠቃለሉ የኦክስጅን አጠቃቀም ጭማሪው በአማካይ ከ10 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ደርሶ መልስ ሩጫውን ወደ ኦክስጅን መንዝሮ የአንድን ልጅ ብቃት በአኃዝ መወሰን፣ ከሚፈለገው ለውጥ የሚበልጥ ስህተት ባለው ሚዛን መመዘን ይሆናል። በልጆች መካከል ያለው የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት ለደረጃ ሰንጠረዥ ያገለግል ይሆናል፤ ለውሳኔ ግን አያገለግልም።

ይህ ማለት ግን ምዘናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ልጁን ከራሱ ጋር ለማነጻጸር የሮጠውን የደርሶ መልስ ብዛት ሳይመነዘር እንዳለ መጠቀም ከግምቱ የሚመጣውን ስህተት ያስቀራል። የቀረውን፣ ማለትም ከቀን ወደ ቀን የሚታየውን መዋዠቅ፣ ለማወቅ ደግሞ ማእከሉ ራሱ ሥልጠና ሳይለወጥ ልጆቹን በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መመዘን ይችላል። በሁለቱ ምዘናዎች መካከል በአብዛኛው ልጆች ላይ የሦስት ዙር ልዩነት ከታየ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚገኝ የሁለት ዙር መሻሻል ደስታም ወቀሳም ሊያስከትል አይገባም። ሜዳው፣ ሰዓቱ፣ ጫማው፣ የአየሩ ሙቀትና ልጁ ቁርስ መብላት አለመብላቱ ጭምር ተመሳሳይ እንዲሆኑ ጥረት መደረግ እንዳለበት ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ጤና

የታዳጊ አትሌት ውጤት ሲወርድ ከአሠልጣኙ አንደበት ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ሰንፏል» የሚለው ነው። ለጤና ባለሙያ ግን የወረደ ውጤት ምልክት ነው፤ ምልክት ደግሞ ምክንያቱ ይፈለግለታል።

በቅድሚያ ልብን እንመልከት። ሁለቱም ምዘናዎች ልጁን እስከ አቅሙ ጫፍ የሚገፉ ናቸው። በአገራችን በትምህርት ቤት ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም እንግዳ ነገር ባለመሆኑ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ በእንቅስቃሴ ወቅት ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም በቤተሰብ ውስጥ ድንገተኛ ሞት መኖሩን ሳይጠይቁና ልብን በማዳመጫ ሳያዳምጡ ልጅን ወደ ከፍተኛ ምዘና መላክ ስህተት ነው። «ጤነኛ ነው» የሚለው ማህተም ከሩጫው በፊት እንጂ በኋላ የሚመታ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው የደም ማነስና የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ወባ፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ የወር አበባና የምግብ ይዘት ተደማምረው የልጁን ብርታት ሊያዳክሙ ይችላሉ። እዚህ ላይ በደጋ ለሚሠሩ ባለሙያዎች አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። የሄሞግሎቢን መጠን በከፍታ ልክ ተስተካክሎ እንዲነበብ የሚመክረው ዓለም አቀፍ መመሪያ መከበር ያለበት ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቻቸው በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያገኙት አማካይ በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። ይህም በባሕር ጠለል ከሚጠበቀው መጠን የማይወጣ ነው። ስለሆነም በአንድ የሄሞግሎቢን ቁጥር ብቻ ሳይወሰኑ ከተቻለ ፌሪቲንን፣ ካልተቻለም የልጁን አመጋገብና ምልክቶች አብሮ ማየት ይበጃል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚያሳስበው፣ የልጃገረዶች ጉዳይ ነው። ልጃገረድ ወደ ኮረዳነት ስትሸጋገር ክብደቷና የሰውነቷ ስብ በተፈጥሮ ይጨምራል። ውጤቱ በኪሎ ግራም ክብደት ሲካፈል የኦክስጅን አጠቃቀሟ ይቀንሳል፤ የሩጫ ሰዓቷም ለአንድና ለሁለት ዓመት ባለበት ሊቆም ይችላል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ «ወፍረሻል» ይላታል፤ እሷም ራቷን ትተዋለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ክብደቷ ሲወርድ ሰዓቷ ለጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል ሁሉም ምክሩ የሠራ ይመስለዋል። ቀጥሎ የወር አበባዋ ይቋረጣል፤ አጥንቷ ይሳሳል፤ ከዚያም የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርት ውስጥ የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎ የሰየመውና በወንዶችም ላይ እንደሚደርስ ያመለከተው ችግር ይኸው ነው። በዚህ መልክ የተሻሻለ ሰዓት የጤና መበላሸት ማስረጃ እንጂ የሥልጠና ስኬት አይደለም። ስለዚህ የወር አበባ ሁኔታ በአክብሮትና በምስጢር የሚጠየቅበት፣ የሚቻል ከሆነም በሴት ባለሙያ የሚያዝ መዝገብ ከሩጫ ሰዓቱ መዝገብ እኩል አስፈላጊ ነው።

በመጨረሻም በፈጣን ዕድገት ወቅት ከጉልበት በታች ባለው የቅልጥም አጥንት ጉብታና በተረከዝ ላይ የሚሰማ ሕመም ጅማቱ ለጋውን አጥንት እየሳበ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ወቅት የዝላይና የፍጥነት ውጤት ቢቀንስ፣ ልጁም እግሩ የእርሱ ያልሆነ ያህል ቢንገዳገድ፣ መደረግ ያለበት ጫናን መቀነስ እንጂ ልምምዱን መደራረብ አይደለም።

ምዘናው መመሪያ የሚሆነው መቼ ነው?

እስካሁን የተባለው በአብዛኛው ትችት ነው። ይሁንና ምዘና በአግባቡ ሲሠራበት ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ማሳየት ተገቢ ነው።

በደርሶ መልስ ሩጫው አንደኛው ልጅ በሰዓት 12.5 ኪሎ ሜትር፣ ሌላኛው 10.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ደርሰው ቆሙ እንበል። አሠልጣኙ በማግሥቱ ሁለቱንም በአንድ ፊሽካ አሰልፎ 400 ሜትርን በ2 ደቂቃ ደጋግመው እንዲሮጡ ያዛል፤ ይህም በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የመጀመሪያው ልጅ የሚሮጠው በምዘናው በደረሰበት ፍጥነት 96 በመቶ ሲሆን ሁለተኛው ግን በ114 በመቶ ነው። በዙሩ ማብቂያ ያለው መዞር ስለሚቀር በቀጥታ ሩጫ ሁለቱም ትንሽ ይፈጥናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም። አንዱ ሥልጠናውን አከናውኖ ሲሄድ ሌላው በየቀኑ ውድድር ተወዳድሮ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ቢታመም፣ ቢጎዳ ወይም ቢጠፋ «አልቻለም» ይባላል። በእጃችን ያለው ቁጥር ግን ለእርሱ የሚስማማውን ፍጥነት አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ምዘና መመሪያ ሆነ የሚባለው ልጆቹ በየአቅማቸው በቡድን ተከፍለው ሁለተኛው በራሱ ፍጥነት ሲሠለጥን ነው።

ከዚህ በመነሣት ጸሐፊው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። እያንዳንዱ ምዘና ከመደረጉ በፊት «ውጤቱ ከፍ ቢል ምን እናደርጋለን? ዝቅ ቢልስ?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ይመለስ። መልስ የሌለው ምዘና አይደረግ። ቁመት፣ የመቀመጫ ቁመትና ክብደት በየ3 ወሩ ይለኩ፤ በ3 ወር ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የጨመረ ልጅ የዝላይና የቁልቁለት ሩጫ ጫናው ይቀነስለት፤ በዚያ ወቅት የተገኘ ዝቅተኛ ውጤትም ለመቀነሻ ምክንያት አይሁን። ውጤቱ ለልጁና ለወላጁ በቃል ይገለጽ እንጂ በግድግዳ ላይ አይለጠፍ። በሕክምና ሙያ የአንድን ታካሚ የምርመራ ውጤት በአደባባይ መለጠፍ ነውር ከሆነ የልጅን ሰውነት ውጤት መለጠፍም እንዲሁ ነው።

ተቃራኒው ሐሳብ

ለእነዚህ ሐሳቦች ከአሠልጣኞች ወገን የሚሰነዘሩ ሁለት ጠንካራ መከራከሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ምዘና ፍትሕን ያመጣል የሚለው ነው። ሰዓት ዘመድ የለውም፤ አማላጅም አይሰማም። ቁጥር ከቀረ የሚመለሰው ትውውቅ ነው ይላሉ። ይህ እውነትነት ያለው ስጋት ነው፤ ጸሐፊውም ቁጥሩ ይቅር አላለም። ነገር ግን ባልተስተካከለ ሚዛን የሚሰጥ ፍርድ አድሎውን ከሰው ወደ መሣሪያ ከማዛወር ያለፈ ለውጥ አያመጣም። ልጆችን በልደት ዓመት ብቻ ሳይሆን በሰውነት ብስለት መድቦ ማወዳደር በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የታዳጊ አካዳሚዎች ተሞክሯል፤ በእኛ አገርም በቁመት ዕድገት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በቀላሉ ሊሞከር ይችላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ቦታው ውስን ነው፤ ሁሉንም መያዝ አይቻልም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ጥያቄው ግን መቼ ይቆረጥ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጉሊክና ባልደረቦቻቸው ከ6,000 በላይ ስፖርተኞችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አጠቃለው ባወጡት ጽሑፍ፣ በአዋቂነታቸው የዓለም ምርጥ የሆኑት ከእነርሱ ዝቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ ዋና ስፖርታቸውን ዘግይተው የጀመሩ፣ በልጅነታቸው ሌሎች ስፖርቶችን የሞከሩና መጀመሪያ ላይ ዝግ ብለው ያደጉ መሆናቸውን አሳይተዋል። በታዳጊነት ምርጥ የነበሩት ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ከ18 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናም በ2017 ናይሮቢ ላይ ከተካሄደው በኋላ ቀርቷል። በ14 ዓመት የመጨረሻ ቅነሳ የሚያደርግ ምልመላ የሚያገኘው የ15 ዓመት አሸናፊን ነው፤ የ25 ዓመቱን አሸናፊ ግን ከበር ሊመልሰው ይችላል።

ማጠቃለያ

የአካል ብቃት ምዘና በታዳጊዎች ሥልጠና ውስጥ ቦታ አለው። ቦታው ግን የልጁን ዕድል መወሰኛ መሆን አይደለም፤ የሥልጠናውን መጠን ማስተካከያ፣ የዕድገቱን ሂደት መከታተያና የተደበቀ ሕመምን መጠቆሚያ መሆን ነው። ይህ እንዲሆን ከአሠልጣኙ ጎን የሚቆም የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። በጤና ጣቢያም ይሁን በሆስፒታል የምንሠራ ባለሙያዎች ለምልመላ ስንጠራ ቅጽ ፈርመን ከመመለስ ይልቅ ሦስት ነገሮችን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ይህ ልጅ በዕድገቱ የት ደርሷል? ከዚህ በፊት ምን ያህል ተመዝኗል? በውጤቱስ ነገ ምን ይለወጥለታል?

ያ ልጅ ሳንባው ታሞ እንደሆነ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «ጤነኛ ነህ፣ አይዞህ» የሚል ብቻ ነበር። መልሱ ትክክል ቢሆንም በቂ አልነበረም። «ገና እያደግህ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ እንለካሃለን» ሊባል ይገባው ነበር። ይህን ለማለት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በምርመራ ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመርና ስድስት ወር መታገሥ ይበቃል።